ምዕራፍ 9፦ ቁልፉ ውስጥ የተቆለፈበት ቤት

ባለፈው ምዕራፍ ሁለት ሃርድ ዲስኮችን አጣምሮ መንታ የማድረጉን ዘዴ አይተናል፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል፣ ተጠቃሚውም ላይሰማው ይችላል። እዚያ ላይ አንድ ጥያቄ ሆን ብዬ አልፌ ነበር። ሁለቱ ዲስኮች መንታ መሆናቸውን የሚያውቀው ማን ነው? ዲስኮቹ ራሳቸው አያውቁም፤ ያዙ የተባሉትን የሚይዙ፣ አምጡ ሲባሉ የሚያመጡ ዕቃዎች ናቸው። የሚያውቀው ሶፍትዌሩ ነው፤ በሊኑክስ ከሆነ ደግሞ ኤምዲ የሚባለው የከርነሉ ክፍል። (ከርነል የምንለው በምዕራፍ 2 ያገኘነውን፣ ማሽኑንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘውን የሥርዓቱን ልብ ነው።) ታዲያ ይህ ሶፍትዌር የተቀመጠው የት ነው? እዚያው መንታዎቹ ላይ።

ነገሩ ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን የቆለፈ ሰው ጣጣ ነው። ቤቱ የራሱ ነው፣ ቁልፉም አልጠፋም፣ የት እንዳለም ያውቃል፤ ግን ለመግባት ቁልፉ ያስፈልገዋል፣ ቁልፉን ለማግኘት ደግሞ መግባት አለበት። ኮምፒውተር ከመንታ ዲስኮች እንዲነሳ ስናዘጋጅ የምንፈታው ይህንን ነው። የምዕራፉም ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፦ መንትነት የሚሠራው ሶፍትዌሩ ከነቃ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን መንገድ ማንም አያባዛልንም፣ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ለየብቻ በእጃችን መዘርጋት አለብን። ብዙ ጊዜ "ሁለት ዲስክ አለኝ" ብሎ ተማምኖ የተኛ ሰው የሚጎዳው ይህችን በመዘንጋቱ ነው።

የካርቦን ደረሰኝ

መንታ ዲስክን ለመረዳት የካርቦን ደረሰኝ ከበቂ በላይ ነው። ሻጩ እስክሪብቶውን ጫን አድርጎ ሲጽፍ ከሥር ባለው ቅጠልም ያው ጽሑፍ ይሰፍራል። የላይኛው ቅጠል ቢጠፋ የታችኛው ይመሰክራል። ሻጩ 500 ብር ሊጽፍ 5,000 ቢጽፍ ግን ስህተቱም በሁለቱም ቅጠል ላይ ይገኛል። በምዕራፍ 7 መጠባበቂያ ቅጂ ሌላ፣ መንታ ዲስክ ሌላ ነው ያልነው ለዚህ ነው፤ በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም ላይ በእኩል ቅጽበት ይጠፋል።

መንታ ማድረግ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ1988 ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች አንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ከመግዛት ብዙ ርካሽ ዲስኮችን ማሰባሰብ ይሻላል ብለው ሲከራከሩ ዘዴዎቹን በደረጃ ከፋፍለው ስም ሰጧቸው፤ ዛሬ ሬይድ የምንለው ቃል የመጣው ከዚያ ጽሑፍ ነው። መንታ ማድረግ በእነሱ አቆጣጠር ደረጃ 1 ሆነ፤ ሲጽፉም ቀድሞ የሚታወቅ ዘዴ መሆኑን አልሸሸጉም። ይኸው ጊብሰን ከቢያንካ ሽሮደር ጋር ሆኖ በ2007 ሌላ ጥናት አወጣ። ወደ 100,000 የሚጠጉ ዲስኮችን መዝገብ መርምረው፣ የአምራቾቹ ሰነድ በዓመት ቢበዛ ከመቶ 0.88 ይበላሻሉ የሚለውን ከእውነታው ጋር ሲያነጻጽሩት፣ በሥራ ላይ ያሉ ዲስኮች በዓመት ከመቶ ከ2 እስከ 4 ሲቀየሩ ማየት የተለመደ ሆኖ አገኙት፤ እስከ 13 የደረሰበትም ነበር። ለእኛ ከቁጥሩ ይበልጥ የሚጠቅመን ሌላው ግኝታቸው ነው። ብልሽቶች እንደ ዳይስ ውርወራ አንዱ ከሌላው ነጻ የሆኑ አይደሉም፤ አንዱ ሲከሰት ሌላው ተከትሎ የመምጣቱ ዕድል ይጨምራል። መንታ ዲስኮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ካርቶን የተገዙ፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ዓይነት ሙቀት የጠገቡ ናቸው። ስለዚህ አንዱ የሞተበት ቀን ዝም ተብሎ የሚታለፍ ቀን አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ መነሳት መቻል አለመቻሉ ከባድ ጥያቄ ይሆናል።

ማን ማንን ይቀሰቅሳል

ቡት የሚለው ቃል የመጣው ከጫማ ነው። እንግሊዞች በገዛ ቦት ጫማው ማጥለቂያ ራሱን ከመሬት ሊያነሳ ስለሚታገል ሰው የሚሉት አባባል አላቸው፤ ኮምፒውተርም የሚያስነሳው ፕሮግራም ሳይኖር ራሱን የሚያስነሳ ስለሚመስል ቃሉ ተለጠፈበት። በተግባር ግን ራሱን የሚያነሳ የለም። ደካማው ትንሽ ጠንከር ያለውን፣ እሱም ሌላውን እየቀሰቀሰ የሚሄድ ሰንሰለት ነው።

የመጀመሪያው ቀስቃሽ በማዘርቦርዱ ቺፕ ላይ የተጻፈው ባዮስ ነው፤ ከ1981 የአይቢኤም ፒሲ ጀምሮ የሚታወቅ። ባዮስን እንደ ሌሊት ዘበኛ እንየው። የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፦ መብራት ሲመጣ ከተርታው የመጀመሪያውን ዲስክ ፈልግ፣ የፊተኛዋን ቅንጣት አንብብ፣ በማስታወሻው ላይ 31,744ኛው አድራሻ ላይ አስቀምጣት፣ ከዚያ ሥልጣኑን ለእሷ አስረክብ። ቅንጣቷ ሴክተር ትባላለች፣ መጠኗም 512 ባይት ነው። ዘበኛው ትክክለኛዋን ማግኘቱን የሚያረጋግጠው መጨረሻዋ ላይ 85 እና 170 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች መኖራቸውን አይቶ ነው። ሌላ አይጠይቅም። ፋይል ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ሊኑክስና ዊንዶውስ አይለይም፤ መንታ ዲስክ ቢሉትማ ጭራሽ አልሰማም።

ከ512ቱ ባይት 64ቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየው ሠንጠረዥ፣ 2ቱ ያ ምልክት ናቸው። ለፕሮግራሙ የሚተርፈው 446 ባይት ነው። በዛሬው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ በዚህች ቦታ የሚሰፍረው 148 ፊደል ብቻ ነው፣ ከዚህ ገጽ ሦስት መስመር ቢሆን ነው። በሦስት መስመር መንታ ዲስክን ማስረዳት አይቻልም። የሚቻለው "ቀጣዩ ሰውዬ እዚህ ቁጥር ላይ ተኝቷል፣ ሂድና ቀስቅሰው" ማለት ነው። ግረብ የሚባለው የሊኑክስ አስነሺ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከፊተኛዋ ሴክተር ቀጥሎ፣ የመጀመሪያው የዲስክ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ባለችው ክፍት ቦታ ላይ ሁለተኛ፣ ሰፋ ያለ ቁራጩን ያስቀምጣል። መንታ ዲስክ ማንበብ የሚችለው ይህ ሁለተኛው ቁራጭ ነው። ቀደም ያለው የግረብ ትውልድ እሱንም አይችልም ነበር።

ከአጥሩ ውጭ ያለው መሬት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በተለመደው አሠራር መንታ የምናደርገው ሙሉ ዲስኩን ሳይሆን በውስጡ የከለልነውን ክፍል፣ ፓርቲሽን የሚባለውን ነው። የፊተኛዋ ሴክተርና ከእሷ ቀጥላ ያለችው ክፍት ቦታ ከዚያ ክልል ውጭ ናቸው። በካርቦን ደረሰኙ ካየነው፣ ካርቦኑ የተነጠፈው ከቅጠሉ አጋማሽ ጀምሮ ነው፤ አናቱ ላይ የሚጻፈው ወደ ሥር አያልፍም። ስለዚህ አስነሺውን በአንደኛው ዲስክ ላይ ስንጭን ሁለተኛው ላይ አንዲት ባይት አትደርስም። ሊኑክስን የሚጭነው ፕሮግራም አስነሺውን ወዴት ልጻፍ ብሎ ሲጠይቅ አንዱን ዲስክ መርጦ ያለፈ ሰው ያዘጋጀው ማሽን እንዲህ ያለ ነው፦ ሁለት ሙሉ ቤት፣ በር ያለው ግን አንዱ ብቻ።

የሚያታልለው ደግሞ ጉድለቱ የማይታይ መሆኑ ነው። ኤምዲ ስላለበት ሁኔታ ሲጠየቅ በቅንፍ ውስጥ ሁለት የእንግሊዝኛ ዩ ፊደላትን ጎን ለጎን አቁሞ ያሳያል፤ ሁለቱም አሉ ማለት ነው። አንዱ ሲሞት በቦታው የሥር ሰረዝ ብቻ ይቀራል፤ ጥርሱ የወለቀ ልጅ ፈገግታ ይመስላል። ይህ ምልክት ስለ ክልሉ ውስጥ እንጂ ስለ አጥሩ ውጭ አንዳች አይናገርም። ሁለቱ ዩዎች አምረው ቆመው ሁለተኛው ዲስክ ግን ማሽኑን ማስነሳት የማይችል ሊሆን ይችላል።

በጣም ተንኮለኛው አጋጣሚ የሚመጣው ከጥገና በኋላ ነው። በመጀመሪያ አስነሺው በሁለቱም ላይ በትክክል ተጭኗል እንበል። ከሁለት ዓመት በኋላ አንደኛው ዲስክ ይሞታል፤ ባለሙያው አዲስ ገዝቶ ይተካል፣ ያከፋፍላል፣ ከመንታው ጋር ያጣምራል። ኤምዲ ይዘቱን ከሕያው ወደ አዲሱ ይገለብጣል፤ 4 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢገለበጥ ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሲያልቅ ሁለቱ ዩዎች ይመለሳሉ፣ ሰውዬው እፎይ ይላል። አዲሱ ዲስክ ግን አናቱ ባዶ ነው፤ ግልበጣው የተካሄደው በክልሉ ውስጥ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አሮጌው መንታ ተራው ደርሶ ሲሞት፣ ሙሉው ሥርዓት በአዲሱ ላይ ደኅና ተቀምጦ ማሽኑ ግን የሚነሳበት ያጣል። በሁለቱም ዲስክ ላይ ጫን የሚለውን ምክር ብዙዎች ሰምተውታል፤ ዲስክ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ጫን የሚለው ነው የሚረሳው።

ሌላም ንዑስ ጣጣ አለ። አንደኛው ዲስክ ሲጠፋ ሁለተኛው በዘበኛው ዓይን አንደኛ ይሆናል፤ ተርታ ነውና ከፊት ያለው ሲወጣ ከኋላ ያለው ይተካል። የድሮው ግረብ ዲስኮችን በተራ ቁጥር ስለሚጠራ፣ ሁለተኛው ላይ ሲጫን "ራስህን እንደ አንደኛ ቁጠር" ብሎ ማታለል ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ክፍሎች የሚለዩት በማይደገም ረጅም መለያ ቁጥር ስለሆነ፣ ይህ ችግር ከሞላ ጎደል ጠፍቷል።

መታወቂያው የት ይጻፍ

እያንዳንዱ መንታ የማን መንታ እንደሆነ የሚገልጽ ትንሽ መታወቂያ በራሱ ላይ ይይዛል። የት ቦታ ላይ ይያዝ የሚለው ተራ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ዲስኩ ለማያውቀው ሰው ምን እንደሚመስል የሚወስነው እሱ ነው። በጥንቱ አቀማመጥ መታወቂያው ክልሉ መጨረሻ ላይ ነበር፤ መጽሐፍ ከጀርባ ሽፋኑ ላይ ማኅተም እንደሚደረግበት። መጽሐፉን ከፊት የሚከፍት አንባቢ ምንም ልዩ ነገር ሳያጋጥመው ምዕራፍ አንድን ያገኛል። ስለ መንታ የማያውቀው የድሮው ግረብም ከመንታዎቹ አንዱን እንደ ተራ ዲስክ አንብቦ ከርነሉን ያገኝ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ የመጣውና ዛሬ ካልተነገረው በቀር ኤምዲ የሚመርጠው አቀማመጥ፣ 1.2 የሚባለው፣ መታወቂያውን ከክልሉ መነሻ 4,096 ባይት ገባ ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ይዘቱም ከዚያ በኋላ ይጀምራል። የማያውቅ አንባቢ መጽሐፉን ሲከፍት የማይገባው ገጽ ያጋጥመዋል። መንታ የሚያበጀው መሣሪያ ሥራ ሲጀምር፣ ከዚህ መነሳት የምትፈልግ ከሆነ አስነሺህ ይህን አቀማመጥ የሚያነብ መሆኑን አረጋግጥ ብሎ አስጠንቅቆ ልቀጥል ወይ የሚለው ለዚሁ ነው። ብዙ ሰው ሳያነበው እሺ ይለዋል።

ታዲያ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ማድረግ አይሻልም? እንደ ተራ ዲስክ መምሰል ሁለት ጎን አለው። ስለ መንታው የማያውቅ ፕሮግራም ማንበብ ከቻለ መጻፍም ይችላል፤ ከጻፈ ደግሞ የጻፈው በአንዱ ላይ ብቻ ነው። መንታዎቹ በዝምታ ይለያያሉ። ኤምዲ ንባቡን አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ስለሚወስድ፣ አንድ ፋይል ዛሬ አንድ ነገር ነገ ሌላ ሊል ይችላል። ሁለቱን አነጻጽሮ ልዩነት መኖሩን ማወቅ ይቻላል፤ የቱ ትክክል እንደሆነ ግን ኤምዲ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ሁለት ምስክሮች ሲጋጩ ሦስተኛ የሌለው ዳኛ ነው።

ይህ ክርክር በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ እንደገና ነፍስ ዘርቷል። ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ ከዘበኛው የተሻለ የተማረ ነው፤ ፋት የሚባለውን ቀላል የፋይል አደረጃጀት ማንበብ ይችላል፣ አስነሺውንም እንደ ተራ ፋይል ከአንድ የተለየ ትንሽ ክፍል ላይ ይወስዳል። 446 ባይት የሚባል ጭንቀት ቀርቷል። መንታ ዲስክን ግን እሱም አያውቅም። ስለዚህ አንዳንዱ ያንን ትንሽ ክፍል መታወቂያውን መጨረሻ ላይ አድርጎ መንታ ያደርገዋል፤ ዩኢኤፍአይ አንዱን እንደ ተራ ፋት ያነበዋል። ሌላው ደግሞ ሁለት ነጻ ክፍሎችን አዘጋጅቶ ፋይሎቹን ራሱ ይገለብጣል። እኔ የማደላው ለሁለተኛው ነው። ፋይሎቹ ጥቂት ናቸው፣ የሚለወጡት አልፎ አልፎ ነው፤ ማሽኑ ራሱ በአንዱ ላይ ሊጽፍበት የሚችልን ነገር መንታ ነው ብሎ ለኤምዲ መንገር ደግሞ ውሸት መንገር ነው። በሁለቱም መንገድ ግን ዩኢኤፍአይ የሚነሳበትን ቦታ በማዘርቦርዱ ማስታወሻ ላይ በስም መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ለሁለተኛውም ዲስክ የራሱን መዝገብ ማስገባት ያስፈልጋል።

ስንቅ

አስነሺው ከርነሉን ወደ ማስታወሻ አምጥቶ ሥልጣኑን ሲያስረክበው ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ከርነሉ ግን ዋናውን የፋይል ሥርዓት ለማግኘት መንታውን ማጣመር አለበት፤ የማጣመሪያው መሣሪያ ያለው ደግሞ እዚያው ፋይል ሥርዓት ውስጥ ነው። ቁልፉ ለሁለተኛ ጊዜ ውስጥ ቀረ። መፍትሔው የድሮ መንገደኛ መፍትሔ ነው፦ ስንቅ። ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚጫን፣ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል የታሸገ ትንሽ የፋይል ሥርዓት አለ፤ በውስጡም ማጣመሪያው መሣሪያና የመንታዎቹ ዝርዝር ይቋጠራሉ። ከርነሉ ስንቁን ፈትቶ መንታውን ያጣምርና ወደ ዋናው ቤት ይገባል። መንታውን ለውጦ ስንቁን ዳግም ያልቋጠረ ሰው፣ አዲስ አድራሻ ይዞ በአሮጌ ካርታ የሚጓዝ ነው።

እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ራሱ የማይፈታው ውሳኔ ይመጣል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢገኝ ይነሳ ወይስ ይቁም? ይነሳ ካልን አደጋው ይህ ነው፤ ዛሬ በአንደኛው ብቻ ተነስቶ ቢሠራ፣ ነገ ገመዱ ላልቶ በሁለተኛው ብቻ ቢነሳ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ታሪክ ይጽፋል። ኤምዲ በመታወቂያው ላይ የክንውን ቁጥር እየጨመረ ስለሚሄድ የዘገየውን መንታ ይለያል፤ ሁለቱም ለየብቻ ከሮጡ ግን ቁጥሩ ብቻውን እውነቱን አይነግርም። ይቁም ካልን ደግሞ ለብልሽት ቀን የገዛነው መንታ በብልሽቱ ቀን ሥራ ይፈታል። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በአንድ ወቅት ቆሞ ተጠቃሚውን ይጠይቅ ነበር። ከማሽኑ ፊት ሰው ካለ ጥሩ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ጥያቄ አውጥቶ የሚጠብቅ ሰርቨር ግን ከጠፋ ሰርቨር በምን ይለያል?

ካርድ ገዝተን አንገላገልም?

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው የሬይድ ካርድ የሚባል ዕቃ አለ አይደል ሊል ይችላል፤ ልክ ነው። ካርዱ ሁለቱን ዲስኮች ከኋላው ደብቆ ለባዮስ አንድ ዲስክ ብቻ ያሳየዋል፤ አናቱም ጭምር መንታ ይሆናል፤ የተናገርነው የመነሻ ችግር በሙሉ ይጠፋል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ዋጋው ግን ካርዱ ራሱ መንታ የሌለው ዕቃ መሆኑ ነው። ካርዱ ሲሞት ዲስኮቹን ለማንበብ ብዙ ጊዜ የእሱ ዓይነት ሌላ ካርድ ያስፈልጋል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ያንን ሞዴል ገበያ ወጥቶ መፈለግ ነው። በኤምዲ የተጣመረ ዲስክ ግን ሊኑክስ በሚሠራ ማንኛውም ማሽን ላይ ተሰክቶ ይነበባል። አስነሺውን ለብቻው በፍላሽ ላይ እናድርግ የሚሉም አሉ፤ እሱ ችግሩን ከሁለት ጥሩ ዲስኮች አንስቶ አንድ ደካማ ዕቃ ላይ መጫን ነው።

የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ማሽኑ ባይነሳስ ምን አለበት፣ ይዘቱ እንደሆነ አለ፤ ማዳኛ ፍላሽ ሰክቼ በግማሽ ሰዓት አስተካክለዋለሁ የሚል። ሙያው ያለውና ማሽኑ አጠገቡ ያለ ሰው እንዲህ ቢል እውነቱን ነው፤ ለቤት ኮምፒውተር ይህ ሁሉ ድካም ላያስፈልግ ይችላል። ነገር ግን ሙያው ያለው ሰው ሌላ ከተማ የሆነበት የክሊኒክ ወይም የትምህርት ቤት ሰርቨር አስቡ። እንዲህ ያለ ማሽን ለወራት ሳይጠፋ ይሠራል። አንዱ ዲስክ በመካከል ሞቶ ማንም ሳያስተውል ሊቆይ ይችላል፤ በሥራ ላይ እያለ መንትነቱ ሸፍኖታልና። በር አለመኖሩ የሚታወቀው መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው። ማሽኑ ባይጠፋ ኖሮ ባልታወቀ፤ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ነቅሎ ማየት

ስለዚህ ዝግጅቱ የሚያልቀው ትእዛዞቹ ተጽፈው ሲያበቁ ሳይሆን ዲስኮቹ በየተራ ተነቅለው ማሽኑ ሲነሳ ነው። ይህም የራሱ ሥርዓት አለው። መጠባበቂያ ቅጂው መኖሩን ካረጋገጥን በኋላ ማሽኑን አጥፍተን የአንደኛውን ዲስክ ገመድ እንነቅላለን፤ ስናበራው በሁለተኛው መነሳት አለበት፣ የሥር ሰረዙም መታየት አለበት። መነቀል የሚፈትነው ሙሉ በሙሉ የሞተን ዲስክ ነው። ግማሹ የሞተ፣ አለሁ እያለ የተጠየቀውን ግን የማያመጣ ዲስክ ሲገጥመው ዘበኛው ወደ ቀጣዩ ከማለፍ ይልቅ እሱኑ ሲጠብቅ ሊያድር ይችላል፤ ያን ጊዜ የታመመውን በእጅ መንቀል ነው። ስለዚህ የትኛው ዲስክ የትኛው እንደሆነ የሚነግረውን የፋብሪካ ቁጥር ከሳጥኑ ውጭ ለጥፎ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ በችኮላ ሕያውን ነቅሎ ሙቱን የተወ ሰው አንድ ሁለት አይደለም።

ከዚያ የነቀልነውን መልሰን ሰክተን ወደ መንታው እንመልሰዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ኤምዲ የተለወጡ ቦታዎችን በካርታ ምልክት እያደረገ ስለሚይዝ ግልበጣው በደቂቃዎች ያልቃል፤ ካርታው ከሌለ ግን ያ የሰባት ሰዓት ሥራ ነው። ሁለቱ ዩዎች ሳይመለሱ ሁለተኛውን መንቀል ብቸኛውን ሙሉ ቅጂ መንቀል ነው። ዩዎቹ ከተመለሱ በኋላ ማሽኑን እንደገና አጥፍተን፣ አሁን የሁለተኛውን ገመድ ነቅለን እናበራለን።